ወደ ራስ ደጀን በመኪና ለሚጓዙ፤ የመንገድ ዝግጅትና ጥንቃቄ

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአማራ ክልል ሰሜን ጎንደር ዞን የሚገኝ ሲሆን፤ እ.ኤ.አ. በ1969 በብሔራዊ ፓርክነት ተከልሎ እ.ኤ.አ. በ1978 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት /ዩኔስኮ/ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ተመድቦ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ከመዝገቡ ሊወጣ ችሏል። ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖሩበት ይኸው ሰንሰለታማ ሥፍራ የአገሪቱን ከፍተኛ ጫፍ ራስ ደጀንን የያዘ ነው። የተራራው ከፍታ በቀደሙት መጻሕፍት 4 ሺህ 620 ሜትር ተብሎ የሰፈረ ቢሆንም፤ በኋላ የተደረጉ ልኬቶች 4 ሺህ 550 ሜትር ገደማ መሆኑን አመልክተዋል።

ራስ ደጀን ለመውጣት ገመድም ሆነ የበረዶ መቆንጠጫ አያስፈልግም። ጤናማ የሆነና በእግር መጓዝ የለመደ ሰው፣ አየሩን እስኪላመድ ከታገሠ፣ ከጫፉ መድረስ ይችላል። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ድንጋይ በእጅ እየጨበጡ የሚወጡ ከመሆናቸው በስተቀር መንገዱ የእግር መንገድ ነው። ፈረንሳውያኑ መኮንኖች ፌሬና ጋሊኒዬ ተራራውን የወጡት እ.ኤ.አ. በ1841 ነበር፤ የአካባቢው እረኞች ግን ከእነርሱ በፊትም ሆነ በኋላ ሲወጡትና ሲወርዱት ኖረዋል።

በመሆኑም ወደ ራስ ደጀን ለሚሄድ ሰው ዋናው የዕቅድ ጥያቄ ደባርቅ እንዴት ተደርሶ እንዴት ይመለሳል የሚለው ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከጎንደር ደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨመራል። በሰላሙ ጊዜ በሁለት ቀን ያለ ጭንቅ የሚጠናቀቀው ይህ ጉዞ ባለፉት ዓመታት የአገር ውስጥም ሆነ የውጭ አገር ጎብኝዎችን ሲፈትን ቆይቷል።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የተቀሰቀሰው ጦርነት በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር። ጦርነቱ በጥቅምት 2015 ዓ.ም በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ከቆመ በኋላ ጎብኝዎች ወደ ፓርኩ መመለስ ቢጀምሩም፤ በ2015 ዓ.ም ክረምት በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ግጭት ተቀስቅሷል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ ግንቦት 2016 ዓ.ም መጨረሻ ድረስ ሥራ ላይ ውሏል። የአዋጁ ጊዜ ማብቃት የመንገዱን ሥጋት ይዞት አልሄደም።

ለዚህም በሰኔ 2016 ዓ.ም መጨረሻ የደረሰው ሁኔታ አስረጂ ነው። ትምህርታቸውን አጠናቀው ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ በአውቶቡስ ወደየቤተሰቦቻቸው ሲመለሱ ከነበሩ ተማሪዎችና ሌሎች መንገደኞች መካከል ከ100 የሚበልጡ ሰዎች በኦሮሚያ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ገርበ ጉራቻ አካባቢ በታጣቂዎች ታግተው ተወስደዋል። ተማሪዎቹ ከደባርቅ ተነስተው፣ ጎንደርን፣ ባሕር ዳርንና ጎጃምን አቋርጠው፣ የዓባይን በረሃ ተሻግረው ከአዲስ አበባ በጥቂት ሰዓታት ርቀት ላይ ሳሉ ነው አደጋው የደረሰባቸው። የተራራውን አካባቢ ጸጥታ ብቻ ጠይቆ ጉዞ የሚነሳ ሰው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን መንገድ ሳይጠይቅ ቀርቷል ማለት ነው።

ይህ በሁሉም ሥፍራ አንድ ዓይነት አይደለም። በአፋር ክልል በሚገኘው የኤርታ አሌ እሳተ ገሞራ የታየው ሥጋት የተለየ ጠባይ ነበረው። በየካቲት 1999 ዓ.ም አውሮፓውያን ጎብኝዎችና ኢትዮጵያውያን አጃቢዎቻቸው በአፋር በረሃ ታግተዋል። በጥር 2004 ዓ.ም ደግሞ አምስት የውጭ አገር ጎብኝዎች እዚያው ኤርታ አሌ ላይ፣ ሌሊት ባረፉበት ሥፍራ ተገድለው ሌሎች ተወስደዋል። በ2010 ዓ.ም አንድ ጀርመናዊ ጎብኚ እንደዚሁ ሕይወቱን አጥቷል። በዚያ አደጋው የሚጠብቀው ከመዳረሻው ላይ በመሆኑ ጥበቃውም እዚያው እንዲሆን ተደርጓል። ወደ ሰሜን ተራሮች በሚደረገው ጉዞ ግን ሥጋቱ በረጅሙ መንገድ ላይ ተበትኖ የሚገኝ ስለሆነ፤ መንገዱን በክፍል በክፍል ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ክፍል ከአዲስ አበባ በሱሉልታ፣ በፍቼና በገርበ ጉራቻ አድርጎ ጎሐ ጽዮን የሚደርሰው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ አስፋልት፣ ሜዳውም ገላጣ በመሆኑ ለአሽከርካሪ የሚመች ይመስላል። በተግባር ግን የመንገደኞች እገታ በተደጋጋሚ የተሰማው በዚሁ ክፍል ነው። ማልዶ ከከተማ ለመውጣት ሲባል ሳይነጋ በዚህ መንገድ ላይ መገኘት አይመከርም። ጎሕ ሲቀድ ሱሉልታን ማለፍ በቂ ነው፤ የቀረው በሙሉ ብርሃን ይከናወናል።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ ሸለቆ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ተወርዶ ያንኑ ያህል ዳገት የሚወጣበት ነው። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ መሻገሪያውን አስተማማኝ አድርጎታል። ያም ሆኖ ከባድ የጭነት ተሽከርካሪዎች በዝግታ የሚሳቡበት፣ በክረምት ናዳ የሚያሰጋበት መንገድ ነው። እዚህ ላይ የሚፈራው ከታጣቂ ይልቅ ብልሽት ነው። ፍሬኑ ያልተፈተሸ መኪና ይዞ ወደ ሸለቆው መውረድ ተገቢ አይደለም። በዳገቱ መካከል ውኃ የፈላበት ሞተር እስኪበርድ የሚጠፋው ጊዜ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ መዳረሻ ሰዓት ላይ የሚቀነስ ነው።

ከደጀን በኋላ ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ የሚያልፈው ነባሩ መንገድ ሲሆን፤ ሌላው በቢቸናና በሞጣ አቋርጦ ባሕር ዳር የሚገባው አጭር መንገድ ነው። አጭሩ መንገድ በካርታ ላይ ያማልላል። ነገር ግን ጸጥታ በሚደፈርስበት ወቅት ርቀት ብቻውን መለኪያ ሊሆን አይችልም። በየ30 እና 40 ኪሎ ሜትሩ ከተማ፣ ማደያ፣ ጎሚስታ፣ ሆቴልና ጤና ጣቢያ የሚገኝበት ረጅሙ መንገድ ለመጠለልም ሆነ ለመመለስ የተሻለ ዕድል ይሰጣል። በሌላ በኩል ሁለቱም የጎጃም መስመሮች ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ግጭት በተደጋጋሚ የታየባቸው ናቸውና የዕለቱ ሁኔታ ሳይጣራ ምርጫው አይወሰንም።

ባሕር ዳር ላይ በግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ትራፊኩን አቃሎታል። ከዚያ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን፣ በእንፍራዝና በማክሰኝት ጎንደር ይደረሳል። ወረታ ላይ በደብረ ታቦር ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ ይገነጠላል፤ በጎጃም በኩል መመለስ ባይቻል በደሴ ለመዞር የሚያስበው ሰው ይህን መገንጠያ በዕቅዱ ውስጥ ማስፈር ይገባዋል። ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት ደባርቅ የሚያደርሰው የመጨረሻው ክፍል አጭር ነው። አጭር በመሆኑም ብዙዎች ከሰዓት በኋላ ጎንደር ደርሰው “ደባርቅ እንደር” በማለት ይነሳሉ። ይህ ውሳኔ መጥፎ ነው። ጎንደር አድሮ ማለዳ መነሳት የሚያስቀረው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው።

መረጃ የማግኘቱ ጉዳይ ከመንገዱ ይልቅ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሻል። በአገራችን አንድ መንገደኛ ወደሚሄድበት ከተማ ደውሎ “ሰላም ነው ወይ?” ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው ምላሽ “ሰላም ነው፣ ተመስገን” የሚል ነው። ጥያቄው ሰላምታ ነውና መልሱም ሰላምታ ይሆናል። ሰውዬው አልዋሸም፤ የተጠየቀውን በወጉ መለሰ እንጂ። ሌሊቱን ተኩስ ሲሰማ ያደረ ሰው እንኳ ለእንግዳ ክፉ ወሬ ማስቀደም ነውር ስለሚመስለው በመጀመሪያው ትንፋሽ አይናገርም። በስልክ ብዙ መናገር የማይፈልግበት ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ መለወጥ አለበት። ትናንት ከጎንደር የተነሳው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ገባ? ዛሬ ጠዋት የወጣ መኪና አለ ወይ? ወጥቶ የተመለሰስ? የጭነት መኪኖች ቆመው ይታያሉ ወይስ ያልፋሉ? ባንክ ተከፍቷል? ገበያው ቆሟል? ተማሪዎች ትምህርት ቤት ሄደዋል? እነዚህ ጥያቄዎች ማንንም ወገን ለይቶ መናገር የማይጠይቁ፣ በአንድ ቃል የሚመለሱና ለመሸፋፈን የማይመቹ ናቸው። በሥራ ቀን ባንክ ከተዘጋና የቅዳሜ ገበያ ካልቆመ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

የሚጠየቀውም ሰው መመረጥ ይኖርበታል። በመናኸሪያ ያለ ተራ አስከባሪ የትኛው መስመር እንደተጫነና እንዳልተጫነ በዓይኑ ያያል። የጭነት መኪና አሽከርካሪና ረዳቱ ኑሯቸው በመንገዱ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ የትኛው ኬላ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደማያሳልፍ ከማንም በፊት ያውቃሉ። በማደያ ነዳጅ ለመቅዳት የሚጠብቁ አሽከርካሪዎች በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚያወሩት በብዙ መግለጫ ውስጥ የማይገኝ ነው። ደባርቅ ላይ ደግሞ አስጎብኚዎችና የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች በፓርኩ ውስጥ ያለውን ያውቃሉ፤ ከጎንደር ወዲህ ስላለው ግን እንደማንኛውም ነዋሪ በወሬ ነው የሚሰሙት። ለእያንዳንዱ የመንገድ ክፍል በዚያው ክፍል የሚመላለስ ሰው መጠየቅ፣ ቢያንስ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ያሉትንም ማነጻጸር ተገቢ ነው። መንግሥት የሚያወጣቸው የጸጥታ መግለጫዎች የሰዓት እላፊ ገደብና የመንገድ መዘጋት የሚያሳውቁ በመሆናቸው መከታተል ግዴታ ነው። ይሁን እንጂ የመንገድ ሁኔታ በጠዋትና በቀትር መካከል ሊለወጥ ይችላል፤ ትናንት የተጻፈ ወረቀት የዛሬውን ጥያቄ አይተካም።

ጉዞው የሚከናወነው በቀን ብርሃን ብቻ ሲሆን፤ የዕለቱ መዳረሻ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት እንዲሆን ተደርጎ ይሠላል። ከተማ ላይ ቀድሞ መግባት መኪና ለመፈተሽ፣ ነዳጅ ለመቅዳትና የነገውን መንገድ ለመጠየቅ ጊዜ ይሰጣል። በማለዳ ደግሞ የመጀመሪያው ተሽከርካሪ ሆኖ መውጣት አይመረጥም፤ ከወዲያኛው አቅጣጫ የመጡ መኪኖች እስኪታዩ መጠበቅ ይሻላል። ለሁለት ቀን ጉዞ አራት ቀን መመደብ፣ ለመልሱም እንደዚሁ ማድረግ የተጋነነ ሊመስል ይችላል። ተመላሽ በረራው በማግሥቱ የሆነበት ሰው ግን ባልሆነ ሰዓት ባልሆነ መንገድ ላይ እንዲነዳ የሚገፋፋው ታጣቂ ሳይሆን የራሱ ትኬት ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ጎንደር በረራ ያለው በመሆኑ አብዛኛውን የየብስ ጉዞ በማስቀረት ከጎንደር ደባርቅ ያለውን ብቻ በመኪና መሄድ ይቻላል። አቅሙ ላለው ሰው ይህ የተሻለ አማራጭ ነው። ሆኖም አውሮፕላንም ቢሆን የመመለስ ዋስትና አይሰጥም። በ2015 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ መጀመሪያ ወደ ጎንደር፣ ባሕር ዳርና ላሊበላ የሚደረገው በረራ ተቋርጦ ጎብኝዎች በየከተማው ለመቆየት ተገደዋል። የእስራኤል መንግሥት ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 የሚበልጡ ዜጎቹንና ወደ እስራኤል ለመሄድ የተፈቀደላቸውን ቤተ እስራኤላውያን ነሐሴ 4 ቀን 2015 ዓ.ም ያስወጣው በዚህ ወቅት ነበር። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰውም ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ፣ የዘወትር መድኃኒቱንና የሚያርፍበትን ቤት አስቀድሞ ሊያዘጋጅ ይገባል።

ጥሬ ገንዘብ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ግጭት በሚቀሰቀስበት ጊዜ በቅድሚያ የሚዘጉት ባንኮች ሲሆኑ የኔትወርክ አገልግሎትም አብሮ ይቋረጣል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱ ይታወሳል። በስልክ ገንዘብ የማስተላለፍ ዘዴም ሆነ በኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ በዚያ ጊዜ አያገለግልም። የወረቀት ካርታ፣ በወረቀት የተጻፉ የስልክ ቁጥሮችና በሁለት ሦስት ቦታ የተከፋፈለ የብር ኖት አሮጌ ዘዴ ቢሆኑም ተመራጭ ናቸው።

ተሽከርካሪው ከደባርቅ በኋላ ለሚጠብቀው የጠጠር መንገድ ከመሬት ከፍ ያለና በአራቱም ጎማ የሚሳብ ቢሆን ይመረጣል። ሁለት ትርፍ ጎማ፣ የሚሠራ ክሪክ፣ የሞተር ቀበቶና የፍሬን ዘይት መያዝ ይኖርበታል። ነዳጅ በየደረሱበት ማደያ መሙላት፣ ግማሽ ታንክ እንዳለ እንደ ባዶ መቁጠር ይገባል። የመንጃ ፈቃድ፣ የመኪናው ሊብሬ፣ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ሳይፈለጉ በሚገኙበት ቦታ ይቀመጣሉ።

ኬላ ላይ ሲደርሱ ፍጥነትን ከሩቅ መቀነስ፣ መስኮት ዝቅ ማድረግ፣ የፀሐይ መነጽር ማውለቅ፣ የተጠየቁትን ብቻ በአጭሩ መመለስ ይበቃል። ፎቶግራፍ ማንሳት ፈጽሞ አይፈቀድም። ለተራራ ጉዞ ተራ መሣሪያ የሆኑ ነገሮች በኬላ ላይ ሌላ ትርጉም ሊሰጣቸው እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። አጉሊ የወፍ መመልከቻ መነጽር፣ የአቅጣጫ መቆጣጠሪያ መሣሪያ፣ የመገናኛ ሬድዮና ወታደራዊ መልክ ያለው ልብስ ጥርጣሬ ይቀሰቅሳሉ። ልብሱን እቤት መተው፣ ሌላውን ከሻንጣ ውስጥ ሳይደብቁ ማስቀመጥና ሲጠየቁ ማሳየት ይሻላል። ድሮን ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ሳያገኙ ማስገባትም ሆነ ማብረር አይቻልም፤ የሳተላይት ስልክም እንደዚሁ ያለ ፈቃድ ከአየር ማረፊያ የሚያልፍ ዕቃ አይደለም።

ደባርቅ 2 ሺህ 850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማና የፓርኩ ጽሕፈት ቤት መቀመጫ ነች። ጎብኚው የመግቢያ ክፍያ ፈጽሞ ስካውት፣ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና ባለበቅሎ የሚያገኘው እዚሁ ነው። ጠመንጃ ያነገተው ስካውት የፓርኩን ደንብ የሚያስከብር የአካባቢው ሰው ነው። ይህን ሰው እንደ ወታደራዊ አጀብ ቆጥሮ፣ “ጥበቃ አለኝ” በሚል ስሌት መንገድ መቀጠል ትልቅ ስህተት ነው። የስካውቱ ዋና ጥቅም ከጠመንጃው ይልቅ በየመንደሩ ያለው ትውውቅ ነው። “ዛሬ በዚህ አንለፍ” ካለ ምክንያቱን ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ አለማለፍ ነው።

በዚህ ረገድ በብዙ የጉዞ መጻሕፍት የማይነሳ ጉዳይ አለ። ጎብኚው አንድ ሳምንት ቆይቶ ወደ አገሩ ይመለሳል። ባለበቅሎው ግን ከእንግዳው ጋር ታይቶ ወደዚያው መንደር ነው የሚገባው። ማን እንደመጣ፣ ምን እንደጠየቀ፣ ስንት እንደከፈለ ሊጠየቅ ይችላል። በቅሎው የተወሰደችበት ገበሬ ካሣ የሚጠይቅበት ቦታ የለውም። ጎብኝዎች በመጥፋታቸው ለዓመታት ገቢው የተቋረጠበት ሰው፣ ሥጋት እያለም ቢሆን “እንሂድ” ለማለት ይገደዳል። ስለዚህ አደጋውን የመመዘኑን ኃላፊነት በእርሱ “እሺ” ላይ መጣል አይገባም። ጉዞው በመሐል ቢቋረጥ ሙሉ ክፍያ እንደሚፈጸም ከመነሳቱ በፊት በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። ክፍያው እንደማይቀርበት ያረጋገጠ አስጎብኚ መመለስ እንዳለባቸው ሲሰማው አፉን አይዝም። ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው፣ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ የመንገደኛውን ሕይወት የሚጠብቀው ይህ ስምምነት ነው።

በፓርኩ ውስጥ የተለመደው ጉዞ ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃ በር፣ በግጭና በጨነቅ ሰፈሮች በማደር የሚካሄድ ነው። ሳንቃ በር 3 ሺህ 250 ሜትር፣ ግጭ 3 ሺህ 600 ሜትር፣ ጨነቅም ተቀራራቢ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ በመደረጋቸው፤ በዚያ ሰፈር የታመመ ሰው እንደ ቀድሞው ከጎረቤት መንደር እርዳታ አያገኝም። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ የሚታደርበት ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር ባይበልጥ እንደሚመረጥ የሕክምና ባለሙያዎች ይመክራሉ፤ ከላይ የተጠቀሰው አካሄድም ከዚህ ምክር ጋር ይስማማል።

ችግሩ የሚመጣው ጉዞው በጸጥታ ምክንያት እንዲያጥር ሲደረግ ነው። መንገዱ በመኪና እስከ ጨነቅና ከዚያም አልፎ የሚሄድ በመሆኑ፤ ጎንደር ያደረ ሰው በዚያው ቀን ጨነቅ ማደር ይችላል። ከ2 ሺህ 100 ሜትር ተነስቶ 3 ሺህ 600 ሜትር ላይ መተኛት ማለት ነው። በማግሥቱ የ4 ሺህ 200 ሜትሩን የቧሂት ማለፊያ ሲሻገር ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ቢይዘው የሚያስገርም አይሆንም። መንገዱን ፈርቶ የቆጠበውን ሁለት ቀን ተራራው ይወስድበታል።

ከቧሂት ማዶ ያለው መልክዓ ምድር ደግሞ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። መንገዱ ወደ መሸሃ ወንዝ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርድና እንደገና ወጥቶ 3 ሺህ 200 ሜትር ላይ ከሚገኘው ከአምቢቆ ይደርሳል። ከአምቢቆ ራስ ደጀን ደርሶ መልስ ከስምንት እስከ አስር ሰዓት የሚፈጅ የእግር ጉዞ ነው። ለከፍታ ሕመም የመጀመሪያው መድኃኒት ወደ ዝቅተኛ ሥፍራ መውረድ ነው። አምቢቆ ላይ የታመመ ሰው ወደ መሸሃ መውረድ ይችላል፤ ወደ ጨነቅ በእግር ወይም በበቅሎ ለመውጣት ግን እንደገና ያንኑ ማለፊያ መውጣት ግድ ይለዋል። በሸለቆው ያሉ መንደሮች የሚደርስ የመኪና መንገድ ቢኖርም፤ መኪና የሚገኘው አስቀድሞ የተነጋገሩበት እንደሆነ ነው። በመሆኑም ከቧሂት ማዶ ከመሻገር በፊት መኪናው የት እንደሚጠብቅ፣ ስልክ በማይሠራበት ጊዜ በየትኛው ቀን ሳይጠሩት እንደሚመጣ ከአሽከርካሪው ጋር መስማማት ያሻል። ከከባድ ሕመም ምልክቶች መካከል አረማመድ መወላገድ፣ የአእምሮ መዛባትና አርፈው ሳሉ ትንፋሽ ማጠር ይገኙበታል። እነዚህ ከታዩ ሌሊትም ቢሆን መውረድ ይጀመራል።

በአካባቢው የተደራጀ የተራራ ነፍስ አድን አገልግሎት የለም። በ2011 ዓ.ም በፓርኩ የተነሳውን የእሳት ቃጠሎ ለማጥፋት ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ ባለሙያዎችም ከእስራኤል መምጣታቸው የሚታወስ ሲሆን፤ አንድ የታመመ ጎብኚ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በአየር ይነሳል ብሎ ማሰብ ከዚህ አንጻር ሊመዘን ይገባል። በደባርቅ ሆስፒታል አለ፤ ለከባድ ሕክምና የሚላከው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ያም ማለት ያው መንገድ ክፍት ሲሆን ነው።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ስለ ጉዞ መድን ሊያውቁት የሚገባ ነጥብ አለ። አብዛኞቹ የጉዞ መድን ውሎች፣ የመንገደኛው አገር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንዳይጓዙ በመከረበት አካባቢ የሚደርስ ጉዳትን አይሸፍኑም። ቤተሰብ ሊጠይቅ ጎንደር የመጣና እግረ መንገዱን ሰሜን ተራሮችን ለማየት ያሰበ ሰው “አገሬ ነው” ቢልም፤ ውሉ የሚያየው ፓስፖርቱን ነው። ከመነሳት በፊት የውሉን ቃል ማንበብና ለኤምባሲ መመዝገብ ይገባል።

በሰሜን በኩል ከሽሬ በማይጸብሪ፣ በአዳርቃይና በዛሪማ አድርጎ ሊማሊሞን በመውጣት ደባርቅ የሚያስገባው መንገድ ከተራራዎቹ ግርጌ ያለውን አስደናቂ ገጽታ የሚያሳይ ቢሆንም፤ ጦርነቱ ካለፈበትና የአስተዳደር ወሰን ጥያቄ ካለበት አካባቢ የሚያልፍ ነው። በምሥራቅ ከሰቆጣ በኩል በበየዳ አድርጎ መድረስም የሚቻል ሲሆን አገልግሎት የሚሰጡ ከተሞች የተራራቁበት መስመር ነው። ሁለቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የሚመከሩ አይደሉም።

የመመለስ ውሳኔ ከመነሳት በፊት በወረቀት ላይ መስፈር ይኖርበታል። ከወዲያ የሚመጣ መኪና ለአንድ ሰዓት ካልታየ፤ ቀደም ብለው የሄዱ የጭነት መኪኖች ዞረው ከተመለሱ፤ ከ10 ሰዓት በፊት መዳረሻው ከተማ እንደማይገባ ከታወቀ፤ ከተጠየቁት ሁለት ሰዎች አንዱ ካመነታ፣ ወዳለፉት ከተማ ይመለሳል። ውሳኔው መንገድ ላይ ሲደረስ በቡድን ድምፅ የሚሰጥበት መሆን የለበትም። ከተጓዦቹ መካከል አንድ ሰው እንኳ “እንመለስ” ካለ መኪናው ይዞራል።

አዲስ አበባ ወይም ጎንደር የሚቀር አንድ የታመነ ሰው የጉዞው ቅጂ፣ የመኪናው ታርጋ፣ የአሽከርካሪውና የአስጎብኚው ስም ሊኖረው ይገባል። ተጓዡ በየምሽቱ ከደረሰበት ከተማ ይደውላል፤ በፓርኩ ውስጥ ሲሆን በየትኛው ቀን ጨነቅ እንደሚመለስ አስቀድሞ ያሳውቃል። ስልክ ሳይደወል ስንት ሰዓት ካለፈ ለማን እንደሚነገር፣ ከማን እንደሚጀመርም አብረው ይወስናሉ። ጉዞው ተጠናቆ አዲስ አበባ ሲገቡ ይህንኑ ሰውና ደባርቅ ያለውን አስጎብኚ ደውሎ “ገብተናል” ማለት አይዘነጋም፤ የመልሱ መንገድ እንዴት እንደነበረ አስጎብኚው ለሚቀጥለው እንግዳ የሚነግረው ከዚሁ ስልክ ነውና።